ግርጌ ያለው ትራስ

ቀዩን ያየሁት ሳጥባት ነው። ቀኝ ዳሌዋ ላይ፣ አጥንቱ ወጣ በሚልበት ቦታ፣ ብርቱካን ለሁለት ሲከፈል የሚያህል ክብ። መጀመሪያ የአንሶላው እጥፋት የተወው ምልክት መሰለኝ። በጣቴ ጫን አልኩት፤ ስለቀው ያው ነው። ይሞቃልም። የራሴን ክንድ ጫን አድርጌ አየሁ፤ ነጣ ብሎ መልኩ ተመለሰ። የሷ አልነጣም። አዮ ቀይ ሴት ሆና ነው እንጂ እንደኔ ጠቆር ብትል ኖሮ ይሄንንም አላየውም ነበር።

አዮ የባሌ እናት ናት። በኛ ኦሮምኛ አዮ ማለት እናት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይጠራታል። በጉልበቷ ጊዜ በባቡር እየተመላለሰች ልብስ ትነግድ ነበር። ፈታሽ መጣ ሲባል ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ ትለብስና ወፍራም ሴት መስላ ታልፋለች አሉ። አሁን ግን እግሯ ከከዳት ወዲህ ሰውነቷ አልቆ አጥንትና ምላስ ብቻ ቀርታለች። ምላሷ ምንም አልሆነም፣ አልሐምዱሊላህ።

ልብሷን አለበስኳትና ጓሮ ወጥቼ ቁጭ አልኩ። እኔ ያደግኩት ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ ዋሂል ነው። ልጅ ሆኜ አክስቴ ታማ ብዙ ጊዜ ተኝታ ነበር፤ ጎኗን ሲያጥቡላት በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ። ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበረባት። የገደላት የተኛችበት በሽታ አልነበረም፣ ያ ጉድጓድ ነው። ሽታው ዛሬም አለቀቀኝም፤ ሙቀት በጠናበት ቀን ሥጋ ቤት በር ላይ ማለፍ አልችልም። እንግዲህ የአዮን ዳሌ ሳይ ያየሁት ቀዩን ክብ አልነበረም፣ የአክስቴን ጎን ነው።

ለባሌ ነገርኩት። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ ከባጃጅ ይመጣል ብሎ ያምናል። ሰማኝና በማግስቱ የጎማ ካላማዳሪያ ነፍቶ በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኩት።

«ከሥሯ እናድርገው። ዳሌዋ መሃሉ ላይ ይገባል፣ ፍራሹን አይነካም።»

አዮ ከአልጋዋ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። «አቦ፣ ጎማ ከገጠማችሁልኝ ፍሬንም ግጠሙልኝ። ቁልቁለት ላይ ብትለቁኝስ?»

ሳቅን። ከሥሯ አደረግነው። በማግስቱ ስገልጣት ቀዩ እንዳለ ሆኖ ዙሪያውን ሌላ ቀለበት ሠርቶበታል። ጎረቤቴ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ታውቅ ነበርና ሄጄ ለመንኳት፤ ከሥራ ስትወጣ መጣች።

ነርሷ ከደጋ የመጣች ልጅ ናት፣ ሰው የምታከብር። «እማማ፣ እንዴት ነዎት? ያምዎታል?» ስትላት አዮ ወደኔ ዞራ «ስንት ሆኜ ነው የምትቆጥረኝ? እኔ አንድ ነኝ በያት» አለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አንለማመድም። ልጅቷ ሳቀችና ዳሌዋን በጣቷ ጫን አደረገችው፣ እንደኔው። ሳቋን አቆመች።

«ሲጫኑት የማይነጣው ደሙ ስለማይደርሰው ነው» አለችኝ። «አንድ ቦታ ላይ ብዙ ተኝታለች፣ አጥንቷ ቆዳውን ከፍራሹ ጋር እያጣበቀ አንቆታል። ገና አልተከፈተም። ከተከፈተ ግን በሷ ዕድሜ በቀላሉ አይዘጋም። እንዳይከፈት ነው መጠበቅ።»

ካላማዳሪያውን አስወጣችው፤ ዙሪያውን ያንቃል አለች። እኔ ጠዋት ጠዋት የሰሊጥ ዘይት እያደረግኩ ቀዩን አጥብቄ አሸው ነበር፣ ደሙ ይንቀሳቀስ ብዬ። እሱንም ከለከለችኝ፤ ሌላውን ቦታ ለስለስ አድርጌ ልቀባ፣ ቀዩን ግን እንዳልነካው። ከላብና ከሽንት አድርቄ እንድይዛት፣ አንሶላው እጥፋት እንዳይኖረው፣ ተረከዟ ፍራሽ እንዳይነካ ከባቷ ሥር የታጠፈ ልብስ እንዳደርግ፣ እንቁላልም ባቄላም ያገኘሁትን እንዳበላት ነገረችኝ። ይሄ ሁሉ ይቻላል። መጨረሻ ላይ ያለችው ነው ያቃተኝ።

«ዋናው መገልበጥ ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ። በዚህ በቀኝ ጎኗ ለጊዜው አትተኛ። በጀርባዋ ትንሽ ዘመም አድርገሽ፣ ከዚያ በግራዋ፣ ከዚያ ደግሞ በጀርባዋ። ሌሊትም ቢሆን።»

ነርሷን ሸኝቼ ተመለስኩና ወደ ግራ ላዞራት እጄን ከትከሻዋ ሥር አስገባሁ። አዮ የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ግራ ነዋ። ልጅቷ ስትናገር ሰምተሽ የለ።»

«በግራ ያለው ግድግዳ ነው። ቂብላ በዚህ ነው» አለችና በአገጯ መስኮቱን አሳየችኝ።

እውነቷን ነው። አልጋዋ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው ያለው። በቀኝ ጎኗ ስትተኛ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ስንሰግድ የምንዞርበት ነው። እንዲህ ያስተኛናት እኛው ነን። እግሯ የከዳት ቀን ባሌ አቅፎ አምጥቶ በቀኝ ጎኗ፣ ፊቷን ወደ ቂብላ አደረጋት። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ «እንዲህ ነው ለእናት ማሰብ» ብሎ መረቀው። ሌላ ሰው መጥቶ በጀርባዋ ተኝታ ቢያያት እንኳ ራሱ አስተካክሎ ወደ ቀኝ ይመልሳታል። ተባብረን፣ አዝነንላት፣ ባንድ ጎኗ ቸነከርናት።

«አዮ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው።»

«ሞት ጥቂት ጊዜ ጠብቅ ብዬ የምመልሰው እንግዳ ነው? ሲመጣ ለቂብላ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የግድግዳ ኖራ ላይ አፍጥጬ እንዲያገኘኝ ነው የምትፈልጊው?»

እኔም እስላም ነኝ። እኔም ያንን እፈራለሁ።

በጀርባዋ ሳስተኛት ትንሽ ትቆይና በክርኗ እየተሳበች ወደ ቀኝ ትመለሳለች። በእንቅልፏ ወደ ግራ ባዞራት ትነቃለች፤ ነቅታ ግድግዳውን ስታይ እንደ ሕፃን ታለቅሳለች፣ ያን ቀን ምግብ አትቀምስም። ባሌ የመስጊዱን ሸህ አመጣው። «አዮ፣ ለታመመ ሰው ዲናችን ገር ነው። መዞር ያልቻለ ወደተመቸው ይሁን» አላት። «ልክ ነህ ልጄ፣ አላህ ይጨምርልህ» ብላ መርቃ ሸኘችው። በሩ ሲዘጋ ወደኔ ዞራ «ደህና ልጅ ነው። ስሙን ሲያወጡለት እዚያው ነበርኩ» አለች። «ግን አልዞርም።»

የባሌ እህት ከጅቡቲ ትደውላለች። «እናቴን እንዳታስለቅሺብኝ!» ትለኛለች፣ ትንሽ ቆይታ በዚያው ስልክ «ወላሂ እናቴ ቆሰለች የሚል ወሬ እንዳልሰማ!» ትለኛለች። ሁለቱንም እሺ እላለሁ።

ያን ሰሞን ቤቱ ጠበበኝ። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት እሸጥ ነበር፤ አሁን ቦታዬ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። የአዮ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ድሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከረፋድ ጀምሮ ጣሪያው ይጮሃል። ቬንትሌተሩ የሚገፋው ያንኑ የሞቀ አየር ነው፣ እሱም መብራት ሲኖር። ሰዓት ማየት ትቼ ነበር፤ ጆሮዬ ነበር ሰዓቴ። ሱብሂ አዛን ሲል እገለብጣታለሁ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲንጫጩ። የትምህርት ቤቱ የእረፍት ደወል። ዙህር፣ የቀትሩ አዛን። ጫት የጫነው መኪና ገብቶ ሴቶቹ መጣራት ሲጀምሩ። የአስር ሶላት። መግሪብ፣ ጀምበር ስትጠልቅ። እገለብጣታለሁ፣ ትመለሳለች። ሱቅ ድረስ ሳሙና ልገዛ ስሄድ እንኳ ልቤን እዚያ ዳሌ ላይ ትቼው ነው የምሄደው። ሰው ሰላም ሲለኝ አልሰማም። ልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ «እማ፣ እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ ውጪ ትንሽ ንፋስ ውሰጂ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ሂጂ አጥኚ ብዬ አባርራታለሁ። ይሄ ክፍል አንድ ሰው ይበቃዋል።

ቀዩ መሃሉ ላይ እየጠቆረ መጣ። ወይን ጠጅ ነገር። ቆዳው ሲዳሰስ እንደ በሰለ ቲማቲም ለስልሷል። ተከፈተ አልተከፈተ ብዬ በየቀኑ እየገለጥኩ አይ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ የእረፍቱ ደወል ካለፈ በኋላ፣ መብራት ጠፋ። ባሌ ሥራ ላይ ነው፣ ልጄ ትምህርት ቤት። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ። አዮ እንደ ልማዷ በቀኟ ላይ ናት።

«አዮ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ትንሽ ወደ ግራ።»

«ሰለቸሽኝ ኢንታሎ» አለችኝ፤ ልጂት ማለቷ ነው፣ ስትቆጣ እንደዚያ ትለኛለች። «ጠዋት ማታ እኔን ከምታዞሪኝ አልጋውን አታዞሪውም?»

ልታበሽቀኝ ነው ያለችው። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ለምን አላዞረውም? እሺ አልኩ። ደግፌ አነሳኋትና ከግርጌ በኩል የላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከሥሯ ስፖንጅ አድርጌ አስቀመጥኳት። አልጋው የድሮ ብረት ነው፣ ከባቡር ሠራተኛ ቤት የተገዛ፣ ሦስት ወንድ የሚያስጠራ። ራስጌውን ይዤ ሳብኩ። ተንቋቋ፣ ትንሽ መጣ። እንደገና ሳብኩ። ከግድግዳው ተላቆ ወደ በሩ ዞረና ጥርቅ ብሎ ቆመ። ራስጌው በሩን ተደግፏል፣ ግርጌው ከቁምሳጥኑ እግር ጋር ተቆላልፏል። ገፋሁት፣ እምቢ። ቁምሳጥኑ ላይ የነበረው ሻንጣ ወደቀ፣ አልጋው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ባቡሩ ሃዲዱን ሳተ?» አለች አዮ ከወንበሯ።

በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እጀታውን ያዝኩት፤ ጣት የምታሾልክ ያህል ተከፈተና አልጋው ያዘው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ስልኬ ጓሮ፣ ማድ ቤት ነው። ጎረቤቴን ተጣራሁ፤ ለካ ቀፊራ ሄዳለች። ሌላ ሰውም ተጣራሁ። መንገድ ላይ ባጃጆች ያልፋሉ፣ ማን ይሰማኛል።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለስንት ጊዜ ተዘግቶብኛል ስል የነበረው ክፍል ይኸው እውነት ተዘጋብኝ፣ በገዛ እጄ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ማልቀስ ፈለግኩ፣ አዮ ፊት አሳፈረኝ። ቀና ስል ፊቷ ልክ አይደለም። ወንበሩ ላይ እየተንሸራተተች ነው፣ አንገቷ ዘምሟል።

«ምን ሆንሽ?»

«መቀመጫዬ…» አለች። ቀልዱ ጠፍቷል። «አስተኚኝ።»

ወንበሩ ያለው በግርጌ በኩል ነው። ወደ ራስጌው፣ ወደ ትራሱ የሚያሳልፍ ቦታ የለም። ጊዜም የለም። አቅፌ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እግሯን ወደ መስኮቱ አንጠልጥዬ አስቀመጥኳት። የወደቀው ሻንጣ ውስጥ የነበረ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ግርጌው ላይ ትራስ አደረግኩላት፤ ራሷን ወደዚያ አስደግፌ ዝቅ አደረግኳት፣ እግሯን አንስቼ አወጣሁት። ተረከዟ እንዳይነካ ከባቷ ሥር ነጠላዬን አጥፌ አስገባሁ። ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች። በሻሼ ጫፍ አራገብኩላት።

ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ፊት ለፊቷን አየች።

«ኢንታሎ።»

«አቤት አዮ።»

«መስኮቱ ነው?»

ዞሬ አየሁ። መስኮቱ ነው። ትንሽ ዘንበል ያለ ቢሆንም ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው። ሰውነቷን አየሁ። ከታች ያለው ግራ ትከሻዋ ነው። ግራ ዳሌዋ። ያ ቀዩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ምንም ሳይነካው፣ አየር ላይ ነው።

«በግራሽ ነው የተኛሽው» አልኳት።

«በግራዬ?»

«በግራሽ።»

«ፊቴስ?»

«ወደ ቂብላ ነው። ይኸው።»

አዮ አሰበችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ በሆዷ ዚክር የምታደርግ፣ አላህን የምታወሳ መሰለኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ታዲያ እስካሁን ስትለፋደዱ የከረማችሁት ምንድነው? ነርስ ትጠራላችሁ፣ ሸህ ትጠራላችሁ፣ ትራስ ማዞር አቅቷችሁ!»

ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። አልጋ ማዞር አያስፈልግም ነበር። ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ወደ ራስጌ ማስተኛት፣ ሲደክማት አስቀምጦ ወደ ግርጌ ማስተኛት። በአንዱ ቀኟ ነው፣ በሌላው ግራዋ፤ ፊቷ ሁልጊዜ መስኮቱ። ከወለሉ ተነስቼ አልጋው ላይ፣ እግሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። ላቧን በሻሼ ጫፍ ጠረግኩላት። ዙህር አዛን አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነካት አለፈ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ገፋችው።

«እማ! ምን ሆናችሁ ነው? በሩ ለምን አይከፈትም?»

«እናትሽ አስራኛለች! ፖሊስ ጥሪ!» ብላ ጮኸች አዮ፣ ነፍሷ ተመልሶላት።

ልጄ በመስኮቱ መጥታ በፍርግርጉ አየችን፤ ሻንጣ ተበትኗል፣ አልጋ ተወላግዷል፣ አያቷ ግርጌ ተኝታለች። ሳቅ አፈናት። ከውጪ በስንጥቁ ጣቶቿን አስገብታ ራስጌውን ስትገፋ እኔ ከውስጥ ግርጌውን ከነአዮ ወደ ላይ ብድግ ሳደርግ ከቁምሳጥኑ ተላቀቀ። ወገቤ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋው ሁለት ትራስ አለው፣ አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ። ቀዩ እስኪለቅ ግን በቀኟ አልፈቀድንላትም፤ ግራዋ ላይና ጀርባዋ ላይ ብቻ፣ በጀርባዋ ስትሆንም አንገቷን በጨርቅ ደግፌ ፊቷን ብቻ ወደ መስኮቱ አዞርላት ነበር። መጀመሪያ «ግርጌ የእግር ቦታ ነው» ብላ አጉረመረመች፣ በኋላ ለመደችው። የባሌ እህት ስልክ ስትደውል «አሁን እኔ ሁለት ቤት አለኝ» ትላታለች። ወይን ጠጁ ቶሎ አልለቀቀም። አንድ ሰሞን እንደውም ላዩ ተላጠና እንቅልፍ አጣሁ፤ ነርሷ መጥታ በጨው ውኃ አጥባ ሸፈነችው፣ ከላይ ብቻ ነው አለች። ብዙ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ሳጥባት ጣቴን አሳረፍኩበት፣ ጫን አልኩ፣ ለቀቅኩ። ነጣ። ነጣና ቀስ ብሎ ደሙ ተመለሰ። ደግሜ አየሁት። «ቂጤን መዳሰስ ሥራ አደረግሽው» አለችኝ አዮ።

ቁስሉ ሄደ ማለት እኔ ወጣሁ ማለት አይደለም። በቀደም ልጄ ገፋፍታኝ ቀፊራ ሄድኩ። ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ ዙህር አዛን አለ። እጆቼ ከቲማቲሙ ላይ ራሳቸው ተነሱ፣ ሰው ከብብቱ ሥር ይዘው እንደሚያነሱ። ሻጯ አየችኝና «እቴ፣ ልታቅፊኝ ነው ወይስ ልትገዢኝ?» አለችኝ። አልሳቅኩም። ቲማቲሙን ትቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ ፍጠን እያልኩ፤ ነጂው ሰው የሞተብኝ መስሎት መንገዱን ሙሉ አጽናናኝ።

በሩን ስከፍት አዮ ግርጌው ላይ ተኝታለች፣ በግራዋ። ከባቷ ሥር ጨርቁ በቦታው አለ። አንሶላው ተወጥሯል። ልጄ ወለሉ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ታጠናለች። ብቻዋን አስቀምጣ ብቻዋን አስተኝታታለች፣ ከኔ አሳምራ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የልጄን እጅ ነው ያየሁት፤ መቼ ተማረችው? ሳላስተምራት፣ እያባረርኳት፣ በበሩ ስንጥቅ እያየች ነው የተማረችው። እኔ የአክስቴን እንዳየሁት።

«ሂጂ ውጪ አጥኚ» አልኳት።

«እማ፣ እዚህ ይሻለኛል።»

የአዮን ዳሌ ገልጬ አየሁ፣ ደህና ነው። ተረከዟን አየሁ። ደከመኝ። ራስጌ ያለው ትራስ ባዶውን ነበር፤ ማንም ሳይተኛበት ስለቆየ ቀዝቅዟል፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ነገር እሱ ብቻ ነው። ጎኔን አልጋው ላይ አሳርፌ ጉንጬን አስደገፍኩት። የአዮ ተረከዝ ከዓይኔ ፊት ለፊት ነው። ወደየትኛው ጎን እንደተኛሁ ልብ አላልኩም፣ ብቻ ፊቴ ወደ መስኮቱ ነበር። ዓይኔ ከደን አለ።

ውጪ ጫት የጫነው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ሴቶቹ መጣራት ጀመሩ።

«ኢንታሎ» አለችኝ አዮ ከግርጌ። «ትራሴን ልቀቂ። ሰዓቴ ደርሷል።»

ተነሳሁ።